የበርጋ ጨፌ፤ በወራት የታጠረ የወፎች ሥፍራ

ስለ ወፎች ጥብቅ ሥፍራ ሲነገር በብዙዎቻችን አሳብ አስቀድሞ የሚመጣው የባሕር ዳርቻ ነው። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጥ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ በሺሕ የሚቈጠሩ እግረ ረዣዥም ወፎች፣ ከማዶም የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ይታየናል። በምዕራብ ሸዋ ግን ባሕር የለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በኦሎንኮሚና በጊንጪ በኩል እስከ አምቦ የሚጓዝ ሰው የባሕር ስም ያለው ነገር ቢፈልግ የሚያገኘው በየኰረብታው የተተከለውን ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ኢትዮጵያም ኤርትራ በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ የራስዋ የባሕር ጠረፍ የላትም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) እንግዲህ በውሃ ዳር የሚኖሩትን ወፎች የመጠበቅ ነገር እኛን አይመለከተንም ለማለት ይቃጣን ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ግን ነገሩ እንደዚያ አለመሆኑ ነው። ከአዲስ ዓለም በስተ ሰሜን በኩል፣ በበርጋ ወንዝ አጠገብ የተዘረጋ አንድ የሣር ሜዳ በዓለም ላይ እጅግ ከተመናመኑት ወፎች አንዱ የሚፈለፈልበት ሥፍራ ነው፤ የሚጠብቁትም ከብቶቻቸውን በዚያው ሣር የሚያሳድሩ ገበሬዎች ናቸው።

የባሕር ዳር ጥብቅ ሥፍራ ለወፎች የሚጠቅመው ባሕሩ ጥልቅ ስለ ሆነ አይደለም። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በደንማርክ፣ በጀርመንና በሆላንድ ጠረፍ የተዘረጋውን የዋደን ባሕርን ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ይህ ሥፍራ በ2009 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ የደንማርክ ክፍል በ2014 ተጨምሮበታል። በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ሚሊዮን የሚደርሱ ወፎች ያልፉበታል ተብሎ ይገመታል። ይህን ያህል ፍጥረት የሚመግበው ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ ሁለት ጊዜ የሚመለስበት ሰፊ ጭቃ ነው። ውሃው ሲሸሽ ትሉና ቀንድ አውጣው ይገለጣል፤ ወፎቹም በዚያች ሰዓት ይመገባሉ። ጥልቅ ውሃ ለዓሣ ይሆናል፤ እየተራመደ ለሚመገብ ወፍ የሚያስፈልገው ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ የሚመጣና የሚሄድ ውሃ ነው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው በአካባቢያችን ስማቸው የታወቀው ሐይቆች ብዙ አይረዱንም። የደንዲ ሐይቅና የጎረቤቱ የወንጪ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ናቸው። ለዓይን እጅግ ያማሩ ቢሆኑም ዳርቻቸው ገደል ነውና ለእንደዚህ ያሉት ወፎች የሚበቃ የእግር መርገጫ አይሰጡም። የባሕሩን ጭቃ ሥራ በዚህ አገር የሚሠራው ጨፌ ነው።

ጨፌ የሚለው ቃል በአማርኛም በኦሮምኛም ይነገራል። ትርጕሙ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ በበጋም ለምለሙ ቶሎ የማይጠፋ የሣር መሬት ማለት ነው። በገዳ ሥርዓት ሸንጎው የሚሰበሰበው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለ ነበረ ሸንጎው ራሱ ጨፌ ተብሎ ተጠራ፤ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤትም ዛሬ «ጨፌ ኦሮሚያ» ይባላል። ይህን ያነሣነው ለቃሉ ታሪክ ብቻ ብለን አይደለም። ጨፌ ከጥንት ጀምሮ ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ሆኖ እንዳልኖረ፣ ይልቁንም የጋራ የሆነና ሕግ የሚነገርበት መሬት እንደ ነበረ ስለሚያሳየን ነው። ወደ ፊት ስለ በርጋ ገበሬዎች ስምምነት ስንናገር ይህ ይጠቅመናል።

የበርጋ ጨፌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። አፈሩ ጥቁርና ከባድ፣ ገበሬው መረሬ የሚለው ዓይነት ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል፤ ሰኔ ገብቶ ዝናሙ ሲበረታ ግን ስንጥቁ ይደፈናል፣ አፈሩ ያብጣል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ወደ ታች አይሰርግም። ከላይ የሚዘንበውና ወንዙ ሞልቶ የሚያፈሰው ውሃ በሜዳው ላይ ይተኛል። በሐምሌ ቀጤማውና ሣሩ ከውሃው በላይ ይነሣል፤ ከሩቅ ለሚያየው አረንጓዴ መስክ ይመስላል፣ የገባበት ሰው ግን ጫማውን አውልቆ ይወጣል። መስከረም አልፎ ዝናሙ ሲያቆም ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ወንዙም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዋደን ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ የሚሆነው መምጣትና መሄድ በበርጋ የሚሆነው በዓመት አንድ ጊዜ ነው።

የጨፌው እንግዳ በእንግሊዝኛ ፍላፍቴይል ከሚባሉት ትንንሽ የረግረግ ወፎች ወገን ነው። የእኛው ባለ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ይባላል፤ የሳይንስ ስሙ ሳሮትሩራ አይሬሲ ነው። ርዝመቱ 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከድርጭት ያንሳል። የወንዱ ራስና አንገት ቀይ ዳማ፣ ጀርባው ጥቁር ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት፣ ሆዱ ነጭ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚለየው በክንፉ ላይ ያለው ነጭ ላባ ነው፤ ይህም የሚታየው ሲበር ብቻ ነው። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ መብረር አይወድም። አደጋ ሲመጣ በሣሩ ሥር እንደ አይጥ ይሮጣል፤ ከእግር በታች ካልደረሱበት በቀር አይነሣም፣ ቢነሣም ጥቂት ሜትር በርሮ ተመልሶ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሊቈጥሩት የሚፈልጉ ሰዎች በመስመር ተሰልፈው፣ አንዳንድ ጊዜም ገመድ በሣሩ ላይ እየጎተቱ፣ ውሃውን እያቋረጡ ይሄዳሉ። በቤቱ አጠገብ እየኖረ ዕድሜውን ሙሉ ወፉን አይቶት የማያውቅ ሰው ቢኖር አያስደንቅም።

የተማሩት ሰዎችም ቢሆኑ ያወቁት ዘግይተው ነው። መጀመሪያ የተገኘው በደቡብ አፍሪካ በፖቸፍስትሩም አቅራቢያ በ1876 ነው። ያገኘው ቶማስ አይርስ ነበረ፤ በማግሥቱ ዓመት ጉርኒ የተባለው የወፍ ሊቅ ገልጾ ጻፈውና በአይርስ ስም ጠራው። በአገራችን ወፉ በሱሉልታ ሜዳ ይታይ እንደ ነበረ ኬኔት ጊቻርድ የተባለ የእንግሊዝ አገር ሰው በ1948 በታተመ ጽሑፉ አስታውቋል። በበርጋ ጎጆ ሠርቶ እንደሚፈለፍል የታወቀው ግን በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ነው። ከዚያም በኋላ ወሰርቢና ቢላቻ ከሚባሉት ጨፌዎች ጋር በኢትዮጵያ የሚፈለግባቸው ሥፍራዎች በጣት የሚቈጠሩ ሆኑ። በ2013 በዓለም አቀፉ የጥፋት መዝገብ በመጨረሻው የሥጋት ደረጃ፣ ይኸውም ፈጽሞ ለመጥፋት በተቃረቡት ተራ ውስጥ ተጻፈ። በመላው ዓለም ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። አንድ መጠነኛ የገጠር ሰርግ ከዚህ የበለጠ ሰው ይጠራል።

ወፉ ወደ በርጋ የሚመጣው ሐምሌ ገደማ ነው። ጎጆውን የሚሠራው ውሃ በተኛበት ሣርና ቀጤማ መካከል፣ ሣሩን ከላይ አጐንብሶ እንደ ጣራ በማድረግ ነው፤ እንቁላሉ አራት ወይም አምስት ይሆናል። ሣሩ እጅግ አጭር ከሆነ መሸሸጊያ አያገኝም። ውሃው ከደረቀ ለጫጩቶቹ የሚሆነው ትንኝና ትላትል ይጠፋል፣ ቀበሮውና ድመቱም በደረቅ መሬት ይመጣሉ። ውሃው በአንዴ ቢሞላ ደግሞ ጎጆው ይሰጥማል። እንግዲህ ይህ ወፍ የሚፈልገው ሣር በልኩ የቆመበትን፣ ውሃም በልኩ የተኛበትን ሁለት ወር ነው። እነዚህ ሁለት ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው።

ለገበሬው ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደ ሆኑ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ማሳው ሁሉ ታርሶ ተዘርቷል፣ ከብት የሚሰማራበት ክፍት መሬት የለም፣ የአምናው ድርቆሽና ጭድ አልቋል። በዚያ ጊዜ ለምለም ሆኖ የሚታየው ጨፌው ብቻ ነው። ላሟ ወደ ጨፌው ብትነዳ ጎጆ ፈልጋ አትረግጥም፤ ነገር ግን በአንድ መስክ ላይ መቶ ከብት ሲውል አራት መቶ እግር ነው፣ እርሱም በየደቂቃው ይነሣል ይወድቃል። ያልተረገጠውም ጎጆ ጣራ ሆኖ የሸፈነው ሣር ስለሚበላ ተገልጦ ይቀራል። በወፉ ላይ የመጣው አደጋ የጠመንጃ ወይም የወጥመድ አደጋ አይደለም፤ የአንድ ቤተሰብ ወተት ነው።

ይህን ነገር ለማስታረቅ የተሞከረበት መንገድ ከበርጋ ታሪክ ሁሉ ለእኛ ዋና መስሎ የታየን ነው። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጨፌውን አጥሮ ሰዉን አላስወጣም፤ አጥር ቢሠራም በዚያ አፈር ላይ ሁለት ክረምት አይቆምም ነበር። ማኅበሩ ከነዋሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ፣ ነዋሪዎቹም የራሳቸውን የወፍ ጠባቂዎች ቡድን አቋቁመው፣ ወፉ በሚፈለፍልበት ጊዜ ከብት ወደ ዋናው ረግረግ እንዳይገባ ተስማሙ። ይህ እንግዲህ የቦታ ብቻ ሳይሆን የጊዜ ክልከላ ነው። በሌላው ወራት መስኩ የከብት ነው። የጥብቅ ሥፍራው አጥር ወራት ናቸው ያልነውም ስለዚህ ነው። ሰኔ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል፤ ወፉ ሄዶ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል።

ለነዋሪዎቹ ምን ተመለሰላቸው? በደቡብ አፍሪካ በድልስትሩም አቅራቢያ ሚድልፑንት የሚባል ሌላ ረግረግ አለ። ያንን ረግረግ ለዚሁ ወፍ ሲሉ የሚጠብቁ ሰዎች ያቋቋሙት ድርጅት፣ ወፉ በኢትዮጵያ ካልተጠበቀ በደቡብ አፍሪካ መጠበቁ ብቻውን ከንቱ እንደ ሆነ ተመልክቶ፣ በበርጋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረዳ። ሕፃናቱ የሚማሩበት ቤት ከወፉ ጋር የተያያዘ ሆነ። ይህን ጥበብ እናደንቃለን። ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ትምህርት ቤት የመላው ቀበሌ ነው፤ በሐምሌ ሣር የሚከለከለው ግን ከብት ያለው ሰው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ አንድና ሁለት ከብት ብቻ ያለው፣ ድርቆሽ ለመግዛት አቅም የሌለው ነው። ብዙ ከብት ያለው ሰው ለክረምት የሚሆን ድርቆሽ አስቀድሞ ሊያከማች ይችላል። እንግዲህ የጥበቃው ዋጋ በእኩል አልተከፈለም። ስምምነቱ በአንዳንድ ዓመት ቢላላ የሚላላው በዚህ በኩል እንደሚሆን እናምናለን፤ ልጁን ወተት የሚያጠጣ ሰው ስለ ወፍ ቢነገረው ልቡ ባይሰማ አንፈርድበትም።

ከብት የጨፌው ጠላት ብቻ ነው ያልን እንዳይመስል ደግሞ የበጋውን ሁኔታ እንመልከት። ከጥቅምት ወዲህ ከሰሜን የሚመጡት እንግዶች ይደርሳሉ። የአውሮፓና የእስያ ምድር በብርድ ሲያዝ የሚሰደዱት ወፎች በብዛት የሚያልፉበት አንዱ መንገድ በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል ያለው ነው። እንደ ሽመላና እንደ ንስር ያሉት ከባድ ወፎች የሚጓዙት ክንፋቸውን እያራገቡ ሳይሆን ከሞቀ ምድር በሚነሣው አየር ላይ ተንሳፈው ነው፤ ከባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይነሣ ውሃው የጠበበበትን ሥፍራ ፈልገው ይሻገራሉ። በባብ ኤል መንደብ በ1987 በልግ፣ ይኸውም በአውሮፓ ክረምት መግቢያ፣ ወደ 250,000 የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ከየመን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ ተቈጥረዋል። ባሕር የሌላት አገር ብንሆንም ባሕር የተሻገረው እንግዳ የሚያርፈው በእኛ መሬት ነው።

ወደ ጨፌዎቻችን ከሚመጡት መካከል በቁመቷ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጥ፣ ሆድዋ ቢጫ፣ ጅራትዋን ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ አንዲት ወፍ አለች። እርስዋን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከብት የሚግጥበት እርጥብ መስክ ሄዶ በላሞቹ እግር መካከል መመልከት ይበቃል። ላሟ ስትራመድ ዝንብና ፌንጣ ይነሣል፤ ወፏም ትለቅማለች። በሐምሌ ጎጆ የሚደመስሰው ያው ሰኮና በኅዳር ከሩቅ ለመጣች እንግዳ ማዕድ ያቀርባል። የሚለየው ወሩ ነው። በዚያው ሜዳ ላይ ከመንቆሩ ሥር እንደ ሎቲ የሚንጠለጠል ሥጋ ያለው ትልቁ ክሬን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም ይታያሉ። እነዚህ የአገር ልጆች ናቸው። ስለነርሱ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

የከብቱ ነገር በንግግር የሚታረቅ ነው። ይበልጥ የምንሠጋው ተመልሶ ስለማይታረቀው ነው። ቦይ ተቈፍሮ ውሃው የወጣበት ጨፌ ሣሩን አንድ ክረምት ብቻ ያቆይ ይሆናል፤ በሁለተኛው ዓመት ይታረሳል፣ በሦስተኛው ማሳ መሆኑን የሚጠራጠር አይኖርም። ከላይ የወንዙ ውሃ ለመስኖ ቢጠለፍም እንደዚሁ ነው። አስቀድመን በቀልድ የጠራነው ባሕር ዛፍም እዚህ ላይ ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ እንጨት ባጣች ጊዜ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበረ፣ አዲስ አበባንም ከመለቀቅ ያዳናት ባሕር ዛፍ እንደ ሆነ ይታወቃል። ለደጋው ሕዝብ ማገዶና ቤት መሥሪያ ሆኖ የዋለውን ውለታ አንክድም። ይሁን እንጂ በረግረግ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ ውሃውን ይመጣል፤ ሣሩም ከጥላው ሥር አይበቅልም። ለገበሬው ግን ቶሎ ደርሶ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ነው። የጨፌ ሣር እንደዚያ ያለ ዋጋ ካላወጣ በዳርቻው ያለው ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ወፉ ጉዞም የቆየው አሳብ በቅርብ ጊዜ ተናውጧል። ቀድሞ ይታሰብ የነበረው ወፉ በኢትዮጵያ ክረምት እዚህ ፈልፍሎ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ የዚያን አገር በጋ ሳይራባ ያሳልፋል ተብሎ ነበር። በሁለቱ አገሮች ያሉት ወፎች የደም ዝምድና ሲመረመርም እምብዛም ልዩነት ስላልተገኘባቸው አንድ ወገን ናቸው የሚለው አሳብ በርትቶ ነበር። በ2018 መጀመሪያ ግን በሚድልፑንት ረግረግ ውስጥ የተደበቁ ፎቶግራፍ ማንሻዎች ወፉ በዚያም እንደሚፈለፍል ገለጡ፤ እንቁላልና ጫጩት ታየ። ስለዚህ የበርጋ ጨፌ በዓለም ላይ የዚህ ወፍ ብቸኛ የመራቢያ አገር ነው ማለት ቀርቷል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የበርጋ ክብር የቀነሰ ይመስለዋል። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። 250 ለማይሞላ ወፍ ሁለት የመራቢያ አገር መኖሩ አንዱ በድርቅ ወይም በቦይ ቢጠፋ ዘሩ ጨርሶ እንዳይነቀል ይረዳል እንጂ አንዱን ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ወፉ ግማሽ አፍሪካን አቋርጦ ይመላለስ እንደ ሆነ በሊቃውንት ዘንድ ገና የሚመረመር ነገር ነው።

በሕግ በኩል ብዙ የምንለው የለንም። ኢትዮጵያ በ2010 ስለ ፍልሰተኛ የዱር እንስሳትና ስለ አፍሪካና ዩራሲያ የውሃ ወፎች የተደረጉትን ስምምነቶች ተቀብላለች፤ ስለዚሁ ወፍ ብቻ የሚናገር ዓለም አቀፍ የሥራ ዕቅድም በ2008 ታትሟል። በርጋ ግን እንደ አዋሽ ወይም እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ፓርክ ይሁን የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። ጨፌው ሰው የሌለበት መሬት ቢሆን ኖሮ የሚበልጥ ይመስላቸዋል፤ ከብቱ ጨርሶ ቢወጣ ግን በበጋ ሣሩ ሳይጋጥና ሳይታጨድ እየከረረ እንደሚሄድ፣ መስኩንም የኔ ነው ብሎ ከአራሽ የሚከላከል ሰው እንደሚታጣ ይዘነጋል። ዛሬ ጨፌውን ከማረሻ የሚያድነው አንዱ ነገር ለድርቆሽ የሚፈልገው ሰው መኖሩ ነው።

ይልቅስ ሊሠራ የሚገባው ሒሳብ ቀላል ነው፤ ለተማሪም የማይከብድ ነው። በጨፌው ዙሪያ ያሉት ቤቶች ስንት ከብት እንዳላቸው ይቈጠር፤ ለእያንዳንዱ ከብት ለሁለት ወር የሚበቃው ድርቆሽ ስንት እስር እንደ ሆነ ይመዘን፤ በሐምሌ ወር በአዲስ ዓለምና በሆለታ ገበያ የአንዱ እስር ዋጋ ይጠየቅ። ከዚህ የሚወጣው ድምር ወፉ በኢትዮጵያ ምድር የሚያስወጣው ኪራይ ነው። ድርቆሹ ከራሱ ከጨፌው በኅዳር ታጭዶ በጋራ ጎተራ ቢከማች፣ በክረምቱም አስቀድሞ አንድና ሁለት ከብት ላላቸው ቢታደል፣ ኪራዩ ምናልባት ከምንፈራው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ጎተራው ግን ከፍ ባለ መሬት መሠራት አለበት፤ በመረሬ ላይ የተቀመጠ ድርቆሽ እስከ ሐምሌ ሳይሻግት አይቆይም።